ከቄራው ቢላ እስከ ጤና ጣቢያው ካርድ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

ዛሬ የምናወጋው ስለ እንስሳት ሐኪሞች ነው። ላም አምጣ ሲያቅታት፣ በሬ ሲያነክስ የምንጠራቸውን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። የዛሬው ወጋችን ግን ሰው እንዳይታመም ብለው ከብቱን፣ ውሻውን፣ ወተቱንና ሥጋውን ስለሚከታተሉት ነው። እነዚህ ባለሙያዎች የት ይሠለጥናሉ? ሲመረቁስ የት ይገባሉ? ጅማንና በዙሪያዋ ያሉትን የቡና ከተሞች ይዘን እንየው።

ከቅርጫ እንጀምር።

በዓል ሲደርስ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፣ በሰርቦም ሆነ በጅማ ሰፈሮች ጎረቤት ይሰባሰባል፤ ገንዘብ ያዋጣል፤ በሬ ይገዛል። በሬው በማለዳ ይታረዳል፤ ቆዳው ይገፈፋል፤ ቅጠል ይነጠፋል፤ ሥጋው ይደለደላል፤ ዕጣ ይጣላል። ከዕጣው በፊት ትኩሱን ጉበት በሚጥሚጣ የሚቀምስም አይጠፋም። ሁሉም ሰው አለ፤ አራጁ አለ፣ ገፋፊው አለ፣ ዕጣ ጣዩ አለ። የሌለው መርማሪው ብቻ ነው።

ቄራ ቢሆን ኖሮ ምን ይደረግ ነበር? ከብቱ ከመታረዱ በፊት ቆሞም ሲራመድም ይታያል። ትኩሳት ያለበት፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ከመንጋው የተነጠለ ወደ ጎን ይለያል። ከታረደ በኋላ ደግሞ መርማሪው ቢላውን አንስቶ የመንጋጋውን ጡንቻ ይሰነጥቃል፤ ምላሱን ይዳብሳል፤ ልቡን ይከፍታል፤ የትከሻውን ሥጋ ይቆርጣል። የሚፈልገው ከአተር የማይበልጥ፣ ውሃ የቋጠረ ነጭ ፊኛ ነው። ይህ ፊኛ ባልበሰለ ሥጋ ወደ ሰው ሆድ ሲገባ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ብዙ ሜትር የሚረዝም የኮሶ ትል ይሆናል። ከዚያ መርማሪው ወደ ሳንባውና ወደ ጉበቱ ይዞራል። ውሃ የሞላው ከረጢት ካገኘ ያ አካል ይወገዳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ፤ በሰፈር እርድ ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ጉበት ወይም ሳንባ ቆርጠን ለውሻ እንወረውራለን። ውሻው ሲበላው ከከረጢቱ ሌላ ዓይነት ትል ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ ግቢ ውስጥ የሚጫወት ልጅ እጅ ላይ ይደርሳል። ከዓመታት በኋላ ያ ልጅ ራሱ ጉበቱ ላይ ከረጢት ይዞ ቀዶ ሕክምና ሊፈልግ ይችላል። ጉበቱን የወረወረው ጎረቤት ይህን ከየት ያውቀዋል?

መርማሪው በመጨረሻ በአንገትና በሳንባ ዙሪያ ያሉትን ንፍፊቶች ይከፍታል። ውስጣቸው እንደ አይብ የረጋ መግል ከተገኘ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ይጠረጠራል። ይህ ሁሉ ሲነገር ይረዝማል እንጂ እጁ ለለመደ ባለሙያ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። እጅ እስኪለምድ ግን ብዙ በሬ ማየት ይጠይቃል፤ ከመጽሐፍ አይገኝም። አገራችን የሥጋ ምርመራ አዋጅ ካወጣች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ አዋጁ የ1962 ዓ.ም. ነው። ቅርጫው ጋ ግን ገና አልደረሰም።

አሁን ወደ ኮሶው ልመለስ፤ ምክንያቱም የዛሬው ነገራችን ቁልፍ እዚያ ነው። በሬው ፊኛውን ከየት አመጣው? ከሰው ነው። የኮሶ ትል ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ሣሩ ላይ ይቀራል፤ በሬው ይግጠዋል። በቡና ለቀማ ሰሞን ከሩቅ አገር ብዙ ለቃሚ ወደ ጎማ፣ ወደ ጌራና ወደ ሊሙ ወረዳዎች ይጎርፋል፤ ማደሪያው ጊዜያዊ ነው፤ ሽንት ቤት ያለው ማደሪያ ደግሞ ጥቂት ነው። ከብቱም እዚያው ዙሪያ ይግጣል። እንግዲህ የእንስሳት ሐኪሙ ቄራ ውስጥ ቆሞ ቀኑን ሙሉ ቢላ ቢስል በሽታውን አያቆመውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ሽንት ቤት ብቻ ስታስቆፍር ብትውል ግማሹን ነው የምትሠራው። ሁለቱ ተገናኝተው ካልተነጋገሩ ትሉ ከሰው ወደ በሬ፣ ከበሬ ወደ ሰው እንደተመላለሰ ይኖራል።

(አጭር ሙዚቃ)

እነዚህን ሁለት ሰዎች ለማገናኘት ጅማ ከብዙ ከተሞች የተሻለች ናት ብዬ አምናለሁ። በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ ከአሜሪካው ኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ (የዛሬው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ) መምህራን መጥተው ያስተምሩ ነበር። የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 ተቋቋመ። ሁለቱ በታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. ተዋህደው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ዛሬ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ ከሕክምናው ጎን በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ በአንድ ከተማ ይገኛል።

የጤና ኢንስቲትዩቱ ከተመሠረተ ጀምሮ የያዘው አንድ መርህ ነበር፤ ተማሪ ኅብረተሰቡ ውስጥ ገብቶ ይማር የሚል። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ቀበሌ ይመደባሉ፤ ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ውሃውን፣ ሽንት ቤቱን፣ የልጆቹን ክትባት ይመዘግባሉ። ከዚያ ከፍ ሲሉ የተለያየ ሙያ ተማሪዎች በአንድ ቡድን እንደ አጋሮ፣ ሰርቦና አሰንዳቦ ባሉ ከተሞች ለሳምንታት ይሠራሉ። ይህ አሠራር በኋላ ለሌሎቹ የትምህርት ክፍሎችም ተርፏል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለኅብረተሰብ ጤና የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ለማውጣት ከዚህ የተሻለ ክፍል የለም፤ ግን በአንድ ሁኔታ ነው። የጤና መኮንን ተማሪውና የእንስሳት ሕክምና ተማሪዋ በአንድ ቀን፣ አንድ ግቢ ውስጥ አብረው መግባት አለባቸው። እሱ ማክሰኞ ሄዶ ልጆቹን ቆጥሮ፣ እሷ ሐሙስ ሄዳ በጎቹን ብትቆጥር ሁለት የተለያየ ወረቀት ነው የሚወጣው።

ለምን እንደምለው በምሳሌ ላሳያችሁ። እንበልና ቡድኑ ጎማ ውስጥ አንድ የቡና ገበሬ ቤት ገባ። አባወራው ከሳምንታት ወዲህ ትኩሳት ይመላለስባቸዋል፤ ሌሊት ያልባቸዋል፤ ወገባቸውንና መገጣጠሚያቸውን ይቆረጥማቸዋል። አገሩ የወባ አገር ስለሆነ መጀመሪያ የተጠረጠረው ወባ ነው፤ ደማቸው ታየ፤ አልተገኘም። ቀጥሎ ታይፎይድ ተባለ፤ መድኃኒት ወሰዱ፤ ለጥቂት ቀን ተሻላቸውና ተመለሰ። የጤና መኮንን ተማሪው ካርዳቸውን አገላብጦ ሲጨርስ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዋ ጋጣውን አየት አድርጋ ትጠይቃለች።

«አባባ፣ ከብቶችዎ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው ልጄ። ያቺ ቀይዋ ጥጃዋን ጣለችው እንጂ።»

«መቼ ነው የጣለችው?»

«የቡናው አበባ ሲረግፍ ገደማ። ሊደርስላት ትንሽ ነበር የቀረው።»

«የእንግዴ ልጁስ ወረደላት?»

«የት ይወርዳል! እኔው እጄን አስገብቼ ጎትቼ አወጣሁት። ማን ይመጣልኛል ብለሽ ነው?»

አያችሁ፤ ነገሩ በሦስት ጥያቄ መልኩን ለወጠ። እርግዝናዋ ከተጋመሰ በኋላ የጨነገፈች ላም፣ በወቅቱ ያልወረደ የእንግዴ ልጅ፣ በባዶ እጅ ያወጣው ሰው፣ ከዚያ የሚመላለስ ትኩሳት። ብሩሴሎሲስ መጠርጠር አለበት። ማረጋገጫው የደም ምርመራ ነው፤ ከተረጋገጠ ሕክምናው ቢያንስ ስድስት ሳምንት የሚወሰድ የሁለት መድኃኒት ጥምር ነው። በተለምዶ ለትኩሳት የሚሰጠው የአንድ ሳምንት እንክብል አያድነውም፤ ለጊዜው ያደበዝዘዋል እንጂ። በላሟ በኩል ያለው ሥራ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሌሎቹ ላሞች ይመረመራሉ፤ የጨነገፈው ይቀበራል፤ ውሻ እንዳይጎትተው ይጠበቃል፤ ወተቱ ሳይፈላ አይጠጣም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ታካሚ አለ፤ አንዱ ጤና ጣቢያ ካርድ አለው፤ ሌላዋ የላትም።

የእንስሳት ሐኪም ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ የሚቀናው በተፈጥሮው ስለሚበልጥ አይደለም። ሥልጠናው ነው። የሰው ሐኪም ከመጀመሪያው የሚማረው አንድ በሽተኛ ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ነው። የእንስሳት ሐኪም ግን ከጅምሩ የሚያስበው በመንጋ ነው፤ ስንቱ ታመመ፣ ስንቱ ሞተ፣ ከየት ተገዝቶ መጣ፣ የት ውሃ ጠጣ እያለ ነው የሚቆጥረው። የኅብረተሰብ ጤና ሥራም ይኸው ነው፤ መንጋው በሰው ተተካ እንጂ። ከዚህ የተነሳ ነው እ.ኤ.አ. በ1947 ጄምስ ስቲል የተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም በዚያች አገር የኅብረተሰብ ጤና መሥሪያ ቤት ውስጥ የእንስሳት ሐኪሞች የሚሠሩበት ክፍል ያቋቋመው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከጥቂት ዓመት በኋላ ተከተለ። በካሊፎርኒያ ያስተምር የነበረው ካልቪን ሽዋብም የሰውና የእንስሳት ሕክምና አንድ ሕክምና ነው እያለ መጽሐፍ ጻፈ። ዛሬ «አንድ ጤና» የሚባለው አሠራር ሥሩ እነዚህ ናቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ውሻ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይበት፤ ምክንያቱም የሁለቱ ሙያዎች መገናኘት ነፍስ የሚያድነው በግልጽ የሚታየው በእብድ ውሻ በሽታ ነው።

በዓለም ላይ በዚህ በሽታ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚሞት ይገመታል፤ በአገራችን ደግሞ ግምቱ ከ2,700 ያላነሰ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይታይ ግን ሙሉ በሙሉ ሊከለከል ይችላል። በዕድሜ የገፉ አድማጮቻችን የድሮውን መርፌ ያስታውሱታል፤ ከእንስሳት አንጎል የሚዘጋጅ፣ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ ነበር። የዛሬው ክትባት ክንድ ላይ፣ በጥቂት ቀጠሮ የሚያልቅ ነው። ችግሩ ውድ መሆኑ ነው፤ በየጤና ጣቢያውም ሁልጊዜ አይገኝም።

አሁን በጅማ ዙሪያ ባለችው ሰካ ጨቆርሳ ውስጥ አንድ ልጅ በውሻ ተነከሰ እንበል። መጀመሪያ ቁስሉ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ይህን ማንም ሰው እቤቱ ማድረግ ይችላል፤ እባካችሁ አትዝለሉት። ከዚያ ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል፤ ክትባቱ ይጀመራል። በተለመደው አካሄድ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ውሻውን ሰፈርተኛው በዱላ ገድሎ ወንዝ ዳር ጥሎታል፤ ሌላ ማንን እንደነከሰ ማንም አልጠየቀም።

የሠለጠነ የእንስሳት ሐኪም ያለበት ወረዳ ግን እንዲህ አይደለም። ጤና ጣቢያው ስልክ ይደውላል። ሐኪሙ ይሄዳል፤ ባለቤት ያለው ውሻ ከሆነ ይታሰርና ለአሥር ቀን ይጠበቃል። ይህ አሥር ቀን ዝም ብሎ የተመረጠ ቁጥር አይደለም፤ ውሻ በምራቁ በሽታውን ማስተላለፍ ከጀመረ በጥቂት ቀን ውስጥ ራሱ ታሞ ይሞታል። በአሥረኛው ቀን ውሻው ጅራቱን እየቆላ ፍርፋሪ ከበላ በነከሰ ጊዜ በሽታው ምራቁ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው፤ ሐኪሙ ለጤና ጣቢያው ይነግራል፤ የቀረው ክትባት ሊቋረጥና ለሌላ ልጅ ሊተርፍ ይችላል። ውሻው ከሞተ ወይም ከተገደለ ደግሞ ጭንቅላቱ በጥንቃቄ ታሽጎ በበረዶ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። እዚያ የአንጎሉ ቁራጭ በልዩ ቀለም ታክሞ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቫይረሱ ካለ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ እንደገና ሰፈሩን ይዞራል፤ ያ ውሻ ያለፈበትን ግቢ ሁሉ ይጠይቃል፤ ዝም ብላ ቤቷ የተቀመጠች፣ ጭረቱን ንቃ የተወች አንዲት እናት ሊያገኝ ይችላል። እሷን ማግኘቱ ነው ሥራው።

ይህን ለመሥራት ምን ዓይነት ሥልጠና ይፈልጋል? ውሻ ማከም ብቻ አይበቃም። የተነከሱትን ሰዎች መዝግቦ መቁጠር፣ ካርታ ላይ ማስፈር፣ ናሙና ሳያበላሹ መላክ፣ የተቆጡ ሰፈርተኞችን ማረጋጋት ያስፈልጋል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ቦታ አያገኝም፤ እኔ ግን ከስታቲስቲክሱ አላሳንሰውም። ልጁ የተነከሰበት አባት ፊት ቆሞ «ውሻውን አትግደሉት፤ አሥር ቀን ልጠብቀው» ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈውን ሌላውን በሽታ፣ አባ ሰንጋን፣ ደግሞ በአጭሩ ልንካው። ከብቱ ድንገት ይሞታል፤ ሆዱ ይነፋል፤ በአፍንጫውና በፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ይወጣል። ለባለ ከብቱ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ ስለዚህ ሥጋውን ቶሎ ከፋፍሎ ለጎረቤት መሸጥ ያምረዋል። እንዲህ የሞተ ከብት ፈጽሞ አይከፈት። ሲከፈት ጀርሙ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ጠንካራ ሽፋን ይለብሳል፤ አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። ሥጋውን የቆረጠው ሰው ክንድ ላይ የማያም፣ መሃሉ የጠቆረ ቁስል ሲወጣ ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለው ባለሙያ «ከብት ሞቶብህ ነበር?» ብሎ ከጠየቀ መዳኑ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የሰውና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ለአገራችን ቅድሚያ የሚሹ አምስት በሽታዎችን ሲመርጡ እብድ ውሻ፣ አባ ሰንጋና ብሩሴሎሲስ ከነዚህ ውስጥ ነበሩ። ቀደም ብዬ ያነሳሁት የጉበትና የሳንባው ከረጢትም እንዲሁ። አምስተኛው ሌፕቶስፓይሮሲስ ነው፤ በአይጥና በከብት ሽንት በተበከለ ውሃ የሚመጣ።

ከጅማ ሳንወጣ አንድ ሌላ ነገር ላንሳ። በጅማና በኢሉባቦር ገጠሮች ጥሪኝ አጥምዶ፣ በጠባብ የእንጨት ጎጆ አስቀምጦ፣ ሥጋና ገንፎ እያበላ ዝባድ የሚያወጣ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ አለ። ዝባዱ ከእንስሳው ዕጢ ተጠርጎ በከብት ቀንድ ይታሸጋል፤ ለሽቶ ሥራ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። ገበሬው በየጊዜው የሚነክሰውንና የሚቧጭረውን የዱር እንስሳ በእጁ ይይዛል ማለት ነው። የእብድ ውሻን በሽታ ሥጋ በል የዱር እንስሳትም ይይዛሉ፤ ታዲያ የጥሪኝ ጠባቂዎቹን ክትባት ማን ያስባል? እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ላያነሳው ይችላል። ጅማ የተማረ የእንስሳት ሐኪም ግን ካላነሳው ይቆጨኛል።

የዱር እንስሳት ነገር ደግሞ ከሩቅ የሚሰማ ወሬ መሆኑ ቀርቷል። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ መከሰቱ ተረጋገጠ። የዚህ ቫይረስ መኖሪያ ፍራፍሬ የሚበላ የሌሊት ወፍ ነው። እንዲህ ያለ በሽታ ሲነሳ የታመመውን የሚያክመው ሐኪምና ነርስ ነው፤ የሌሊት ወፎቹ ወደሚያድሩበት ዋሻ ሄዶ ምንጩን የሚያጠናው ቡድን ሥራ ደግሞ ያለ እንስሳት ሐኪም አይሞላም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ተማሪዎችና ወላጆች የሚጠይቁትን እናንሳ፤ ሥራው የት አለ?

ቦታው አለ። የከተማ ቄራዎች አሉ፤ የወተትና የሥጋ ማቀነባበሪያዎች አሉ፤ የምርምር ተቋማት አሉ፤ ሰበታ የሚገኘው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። ስለ ሰበታው አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን ሲገባ የሰው ናሙና ከመረመሩት ላቦራቶሪዎች አንዱ ይህ የእንስሳት ላቦራቶሪ ነበር። መሣሪያው ነበረው፤ ቫይረስ መያዝ የሚችሉ እጆችም ነበሩት። ለከብት በሽታ የሠለጠነ ሰው ለሰው በሽታ እንደሚበቃ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

ተመርቀው በሥራ ላይ ላሉ ደግሞ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በአፍሪካ አገሮች የጀመረው የእንስሳት ሐኪሞች የመስክ ሥልጠና አለ። አንድ ወር ገደማ ክፍል ውስጥ ከተማሩ በኋላ ሦስት ወር በራሳቸው ወረዳ እውነተኛ ወረርሽኝ እየተከታተሉ ይሠራሉ። ይህን ዓይነቱን እወደዋለሁ፤ ሰውየውን ከወረዳው አይነቅለውም።

ሩቅ የሄዱም አሉ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የተመረቁት ፕሮፌሰር ወንድወሰን ገብረየስ በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ዓለም አቀፍ የአንድ ጤና ፕሮግራም መርተዋል፤ ፕሮግራሙ በአዲስ አበባም ጽሕፈት ቤት ከፍቷል። ፕሮፌሰር ጥላሁን ይልማ ደግሞ በካሊፎርኒያ ሆነው ለፈንጣጣ ክትባት ያገለገለውን ቫይረስ ለደስታ በሽታ ክትባት መሥሪያ አድርገውታል፤ የሰው ክትባት የከብት ክትባት ሲወልድ ማለት ነው።

የጅማ ዩኒቨርሲቲም ብቻውን አልቆመም። ከአሥር ዓመት በላይ በመካከለኛውና በምሥራቅ አፍሪካ ያሉ የኅብረተሰብ ጤናና የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶች ማኅበር አባል ነው፤ ከአገራችን መቀሌ ዩኒቨርሲቲም አብሮ ነበረ። ማኅበሩ ዛሬ አፍሮሁን ይባላል። የተለያየ ሙያ ተማሪዎች አብረው መስክ እንዲወጡ፣ በግቢ ውስጥ የአንድ ጤና ክበብ እንዲኖራቸው ያደረገው እሱ ነው። ይሁን እንጂ የዚህ ሥራ ትልቁ ገንዘብ ከአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት የሚመጣ ነበር፤ ድርጅቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘግቷል። ሁልጊዜ የምፈራው ይህንን ነው። በፕሮጀክት የመጣ ሥልጠና በፕሮጀክት ይሄዳል። አንድ የመስክ ጉዞ ለተማሪዎች መኪናና ጥቂት አበል ነው የሚፈልገው፤ ዩኒቨርሲቲው በራሱ በጀት ሊይዘው የሚችል ነገር ነው፤ የሰውና የእንስሳት ተማሪን በአንድ መኪና መጫን ደግሞ ተጨማሪ ነዳጅ አይፈጅም።

ከሥልጠናው ይልቅ የከበደው የሥራ መደቡ ነው። በወረዳ የእንስሳት ሐኪሙ ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው ያለው፤ የበሽታ ቅኝት ባለሙያው ጤና ጽሕፈት ቤት። ጤናው ዘገባውን በየሳምንቱ ይልካል፤ አባ ሰንጋና እብድ ውሻ ሲጠረጠር ደግሞ ወዲያው። የእንስሳቱ ዘገባ በአመዛኙ ወርን ጠብቆ የሚሄድ ነው። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ወረዳ ውስጥ፣ አንዳንዴ አንድ ግቢ ውስጥ ተጽፈው ሳይገናኙ ወደ ላይ ይወጣሉ። በፌዴራል ደረጃ የአንድ ጤና ኮሚቴ መኖሩ መልካም ነው፤ ጎማ ውስጥ ግን በሽታውን መጀመሪያ የሚያየው ኮሚቴ አይደለም። በጤና ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ አንድ የእንስሳት ሐኪም የሚቀመጥበት ቋሚ መደብ ቢኖር፣ ዕድገትና ደመወዙም ከጤና ባለሙያው እኩል ቢሆን፣ ጎበዝ ተማሪዎች ራሳቸው ይመጣሉ። አሁን ባለው ሁኔታ የኅብረተሰብ ጤና የሚወድ የእንስሳት ሐኪም ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ወደ መድኃኒት ንግድ ይገባል፤ ወይ አገር ይለቃል።

ለመደቡ የሚሟገተው ሌላ ነው፤ ተማሪው ግን እስከዚያ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ጅማም ሆነ ሌላ ከተማ የእንስሳት ሕክምና የምትማሩ ልጆች፣ ኤፒዲሚዮሎጂና ስታቲስቲክስ ለፈተና ብቻ የሚሸመደድ ትምህርት አድርጋችሁ አትዩት፤ ነገ ከጤና ቢሮ ሰው ጋር እኩል የምትነጋገሩበት ነው። ቄራ ስትመደቡ ከዳር ቆማችሁ አትዩ፤ ቢላውን ተቀበሉ። ጤና ጣቢያ ሂዳችሁ የትኩሳት መዝገቡን አንድ ቀን አገላብጡ፤ ስንቱ «ወባ አልተገኘም» ተብሎ እንደተመለሰ እዩ። በቅርጫ ቀን ወደ ሰፈራችሁ ከሄዳችሁ ለጎረቤቶቻችሁ መንጋጋውንና ልቡን ሰንጥቃችሁ አሳዩ፤ ስብከት አያስፈልገውም፤ ፊኛውን ያየ ሰው ራሱ ይጠይቃችኋል። ውሻም ሆነ ጥሪኝ ለመንካት ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ቅድመ መከላከያ የእብድ ውሻ ክትባታችሁን ውሰዱ፤ ትምህርት ክፍላችሁ ካላሰበበት ተሰብስባችሁ ጠይቁ፤ ይህ መብታችሁ ነው።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ወደ ወተት እንሻገራለን፤ ከላሟ ጡት እስከ ሻይ ቤቱ ብርጭቆ ድረስ ስላለው መንገድና ላሟ የወሰደችው መድኃኒት ወተቱ ውስጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ እናያለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)